የቀማሹ አፍንጫ

ይህን ያወራችኝ ግድግዳ ተጋርተን የምንኖረው ማቅቫላ ናት፤ የናቴላ ታላቅ እህት።

በወይን አገሩ በካኬቲ፣ እነናቴላ መንደር፣ ሰው መሬት ውስጥ የቀበረውን የወይን ጋን ሲከፍት ጎደርዚ ሳይቀምስ ማንም አይጠጣም። ሽማግሌው አሽትቶ፣ ቀምሶ፣ ምን ምን እንዳለበት ካልተናገረ ዋንጫ አይነሳም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በሩን የሚያንኳኳ ቢኖር ለዚሁ ጉዳይ ብቻ ነው።

አንድ ክረምት መንደሩን በሙሉ አልጋ ላይ የጣለ ጉንፋን ገባ። ጎደርዚ ሲነሣ አፍንጫው አልተመለሰም። ወይኑም ውሃውም አንድ ሆኑበት። ይህን ቢናገር ደጁን የሚረግጥ እንደማይኖር ያውቃልና ዝም አለ።

የሰርጉ ወራት ሲቃረብ ባሏ የሞተባትን ጎረቤቱን ናቴላን ጠራት።

«ቅምሻ ላስተምርሽ።»

«በዚህ ዕድሜዬ? ይሁን ጋሽ ጎደርዚ፣ ብቻዬን ቤት ከምውል።»

ዋንጫውን አስያዛት። «አትቸኩይ። መጀመሪያ አሽትቺው። ከዚያ ጉንጭሽ ውስጥ ቀስ አድርገሽ አዙሪው። ከዋጥሽም በኋላ ትንሽ ዝም በይ፣ ደህናው ያኔ ነው የሚመጣው። እህ፣ ምን አገኘሽ?»

ናቴላ ዓይኗን ጨፈነች። «የደረቀ ኮክ። ማር። ከሥሩ ደግሞ ዝናብ የመታው አፈር።»

ልክ እሱ ድሮ በየድግሱ እንደሚለው። የምትገርም ተማሪ፣ አለ በልቡ።

በየቀኑ ትመጣ ጀመር። አንድ ቀን የሚያር ነገር ሽታ መንገድ ድረስ ወጥቶ ጎረቤታቸው ሺዮ እየሮጠ ገባ።

«ጓዳ ውስጥ ዳቦው ከሰል ሆኗል፣ እናንተ ወግ ይዛችኋል።»

ከዚያ ወዲያ የመንደሩ አፍ አላረፈም። «አዙራበታለች» አሉ ሴቶቹ። «ዓይኗ ወይን ማሳው ላይ ነው።»

ሺዮ ልጁን ሲድር፣ በተወለደች ጊዜ የቀበረውን ጋን ከፈተ። የከተማ አማቾች ዙሪያውን ቆሙ።

«ተማሪዬ ትጀምር» አለ ጎደርዚ።

ናቴላ ቀመሰች። ኮክ አለች፣ ማር አለች፣ አፈር አለች። እሱም ቀምሶ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። አማቾቹ በጉንጫቸው አዙረው፣ ዝም ብለው ቆዩ።

«ኮኩስ ኮክ ነው» አለ አንዱ፤ «እኔን የገረመኝ አፈሩ።»

እልል ተባለ።

ሲመለሱ ጎደርዚ መንገድ ላይ ቆመ። «ናቴላዬ፣ እኔ ከዚያ ጉንፋን ወዲህ ምንም አይሸተኝም። እስከ ዛሬ ያኖረኝ ያንቺ አፍንጫ ነው። ባትኖሪ በሬን ዘግቼ እሞት ነበር። ነይ፣ አብረን እንኑር።»

እስከ ደጁ ሸኘችው። በነጋታው ጓዟን ሸክፋ እህቷ ዘንድ ሄደች።

«ማሳውን ለወንድሙ ልጅ ማውረሱን ሰማች ማለት ነው» ብሎ መንደሩ ሳቀ።

ጎደርዚ ሌላ ጋን ሳይቀምስ መኸር ላይ ሞተ። ናቴላ እዚሁ እህቷ ጋ አለች። እሷም ከዚያ ጉንፋን ወዲህ ምንም አይሸታትም።