አምበሉ ማቀበል የጀመረ ዕለት

ኮከቡ ተጫዋች ለጓደኛ ኳስ ማቀበል አይወድም። ጓደኛው ሲስት የውሃ ኮዳ ይረግጣል፤ ዳኛ ሲነፋበት እስከ ሰባት ቤቱ ይሰድበዋል። በቅርጫት ኳሱ የፍጻሜ ጨዋታ፣ በመጨረሻው ዕረፍት ላይ፣ አሰልጣኙ ጋሽ ደረሰ ክንዱን ያዙት።

«ስማ ልጄ፣ አምበል ማለት ጓደኛውን የሚያስቀድም ነው። ዛሬ ካላቀበልክ አምበልነቱን ለኪሩቤል እሰጠዋለሁ!»

ጥርሱን ነክሶ ወደ ሜዳ ተመለሰ። ውጤቱ እኩል ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳሷን ይዞ ቅርጫቱ ሥር ብቻውን ደረሰ። ሊያስቆጥር ሲነሳ ግን አምበልነቱ ትዝ አለውና፣ እንደ ምንም ብሎ አጠገቡ ለደረሰው ለኪሩቤል አቀበለው።

ኪሩቤል ከእሱ እጅ ኳስ ሲደርሰው የመጀመሪያው ነው። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ኧረ አይሆንም፣ አንተ አግባት!» ብሎ መለሰለት።

«በሞቴ፣ አንተ!» አለ አምበሉ፣ መልሶ እየወረወረ።

«አፈር ስሆን!»

«እኔ ልሙት፣ ዛሬ የአንተ ናት!»

«ኧረ አንዳችሁ አግቧት!» ጋሽ ደረሰ ኮፍያቸውን ነከሱ።

ኳሷ እንዲህ ስትመላለስ፣ አንድ አጭር የተጋጣሚ ተጫዋች መሀል ገብቶ ቀለባትና ወደ ማዶ ሮጠ። ሰዓቱ ከማለቁ በፊት፣ ማንም ሳይለምነው፣ አገባት።