አባትሽን እንዳታርሚው

የዊዳድ ጣት ወደ ኮምፒውተሩ ሲዘረጋ እማማ ሳሊሃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልጅቷ እጇን መልሳ ከሻርፗ ሥር ደበቀች።

አባቷ ሙሰዓብ ምንም አላየም። ኮድቡር ሰፈር በተከራዩዋት ቤት ካለው ብቸኛ ወንበር ላይ ጎብጦ፣ ዓይኑን ኮምፒውተሩ ላይ ተክሏል። እናቱ ያቀረቡለት ሩዝ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ቀዝቅዟል።

እማማ ሳሊሃ ነገሩ ባይገባቸውም ጭንቀቱን ያውቁታል። ልጃቸው ጸጉሩ እስኪሸብት ድሬዳዋ ለፋብሪካና ለመጋዘን ፕሮግራም ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ሀርጌሳ ከመጡ ወዲህ ግን እሱ በሚያውቀው የፕሮግራም ቋንቋ የሚያሠራው ጠፋ። በስንት ልመና አንድ ክሊኒክ፣ እናቶች በስልካቸው ወረፋ የሚይዙበት ገጽ ሥራልን አለው፤ ለዚያ ደግሞ ጃቫስክሪፕት የሚሉትን መማር ግድ ሆነበት። ዊዳድ ትምህርት ቤት የምትማረውን ቋንቋ እሱ በዚህ ዕድሜው ሀ ብሎ ጀመረ። ዛሬ ከአሱር ሶላት በኋላ የክሊኒኩ ኃላፊ ሆዳን መጥታ ታየዋለች። ገጹ ከሠራ ሥራው የሱ ነው። ካልሠራ ሾፌሩ ባንተአምላክ ነገ ጎህ ሲቀድ በከባድ መኪናው ወደ በርበራ ወደብ ይዞት ይሄዳል፤ ረዳት እፈልጋለሁ ካለው ሰንብቷል።

እማማ ሳሊሃን እንቅልፍ የነሳቸው ይሄ ነው። ሙሰዓብ ሲያፍር የሚሸሽ ሰው ነው። ድሬዳዋ እያለ አንድ ለጋ አለቃ በሰው ፊት ቢያርመው፣ ጃኬቱን እንኳ ሳያነሳ ወጥቶ ዓመት ከመንፈቅ ወደ ቤቱ ሳይመለስ መንገድ ላይ ቀረ። ዊዳድ ያኔ የወተት ጥርሷን እየነቀለች ነበር። ስለዚህ ትናንት ልጅቷን ጓዳ ጠርተው አስጠነቀቋት፤ አባትሽን እንዳታርሚው፣ ብታውቂም አላውቅም በይ፣ አባት በልጁ ፊት አንገቱን ከደፋ ቤቱ ይጠበዋል አሏት።

አሁን ግን ልጅቷ እንደምታውቅ ፊቷ ይናገራል። ሙሰዓብ ለሙከራ ብሎ እናቱን በሽተኛ አድርጎ ስማቸውን ጽፎ ሲጫን፣ ወረፋው መውጣት የነበረበት ቦታ ባዶ ይቀራል። ደግሞ ይጫናል፤ ያው ባዶ ነው። ዊዳድ ከኋላው ቆማ ከንፈሯን ትነክሳለች። እማማ ሳሊሃ ዓይንህ ቀላ፣ ትንሽ ጋደም በል ቢሉት አልሰማቸውም። ውጭ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ ሲያልፍ ሆዳን የመጣች መስሏቸው ሻሻቸውን አስተካከሉ።

ሙሰዓብ ስልኩን አነሳ።

"ኡሚ፣ ለሆዳን ልደውልላት። በከንቱ እንዳትለፋ።"

"ምን ልትላት?"

"አልቻልኩም ልላት ነዋ። ይሄ የልጆች ነገር ነው።" ፈገግ ለማለት ሞክሮ ነበር፤ አልሆነለትም።

እማማ ሳሊሃ ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ ዊዳድን አዩ። ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቅርሮ አያቷን ትለምናለች። ብትናገር ይሄዳል፤ ዝም ብትልም ይሄዳል። ዝም ብላ ከሄደ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸከመው ትኖራለች።

"ንገሪው" አሉ ቀስ ብለው።

ሙሰዓብ ዞረ። "ምኑን?"

"እኔ ነኝ አፏን የለጎምኩት። አሁን ንገሪው፣ የኔ እናት።"

ዊዳድ ወለሉን እያየች ጀመረች። "አባ... ይሄ ቋንቋ አይጠብቅም። ላይኛው መስመር ወረፋውን እንዲልክለት መዝገቡ ያለበትን ሰርቨር ይጠይቃል እንጂ መልሱ እስኪመጣ አይቆምም። ታችኛው መስመር ባዶ እጁን ይወጣል። ጠብቅ ካላልከው አይጠብቅህም።"

እማማ ሳሊሃ አሁን ይወጣል ብለው በሩን አዩ።

"የኔዎቹ ቋንቋዎች ሳይነገራቸው ይጠብቁኝ ነበር" አለ ሙሰዓብ፣ ስለ ሞተ ዘመድ እንደሚያወራ ሰው። ቆይቶም "መቼ ነው ያየሽው?" አላት።

"ትናንት።"

ወደ እናቱ ዞረ። "ኡሚ፣ እኔ እዚህ ከግድግዳ ጋር ስላተም አንቺ ይቺን ልጅ ደብቀሽብኝ ነው?"

ከዚያ ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ። ስልኩን እናቱ ጭን ላይ አኑሮ ተነሳና ወንበሩን ወደ ዊዳድ ገፋው። ልጅቷ ወደ ኋላ አለች፤ በዚህ ቤት አባት ቆሞ ልጅ አይቀመጥም። "ተቀመጪ" አላት። አሁን ተነሺ እንደምትባል ሁሉ ጫፉ ላይ ተቀመጠች። ሙሰዓብ ኮምፒውተሩን ከጠረጴዛው አውርዶ፣ ከእግሯ ሥር ምንጣፉ ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠና ጭኑ ላይ አደረገው።

እማማ ሳሊሃ ይሄን አቀማመጥ ያውቁታል። ትንሽ ልጅ ሳለ፣ ከሼሁ እግር ሥር፣ ቁርኣን የሚጻፍበትን የእንጨት ሉሁን ጭኑ ላይ አድርጎ እንዲሁ ነበር የሚቀራው።

መስመሩን ሰርዞ እንደገና ጻፈ፤ ከንፈሩ ድምፅ ሳያወጣ ይንቀሳቀሳል። ዊዳድ ከላይ አጎንብሳ አየችና፣ ማንን እንደምታናግር ረስታ፣ "ተሳስተሃል። ድገመው" አለችው።

እማማ ሳሊሃ ጭናቸው ላይ ያለውን ስልክ አጥብቀው ያዙ።

ሙሰዓብ የሸበተ አናቱን ዝቅ አድርጎ "እሺ" አለና ከመጀመሪያው ቃል ጀመረ።