ዋጋ ያልተከራከሩት ደንበኛ

ሲኒማ ራስ አጠገብ ካሉት የኮምፒውተር ሱቆች በጣም ጠባቧ የሰላሃዲን ናት። እዚያች ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል፤ ሰውን በዓይኑ አይቶ እንደሚያውቅም ያምናል። መርካቶ የሚሠራ ሁሉ እንደዚያ ያምናል።

አንድ ማክሰኞ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ኮት ላይ ነጠላ የደረቡ ረጅም ሽማግሌ በግራ እግራቸው እያነከሱ ገቡ። አብረዋቸው የመጡ ሁለት ጎልማሶች በአንሶላ የተጠቀለለ ኮምፒውተር መደርደሪያው ላይ አስቀምጠው ወጡና በር ላይ ቆሙ።

ሽማግሌው ኮምፒውተሩ ውስጥ የምርቃት ቪዲዮ እንዳለ ነገሩት። በዲቪዲ ተገልብጦ፣ አምስት ቅጂ ሆኖ፣ ዛሬውኑ እንዲያልቅላቸው ይፈልጋሉ። ሰላሃዲን የኮምፒውተሩን ሳጥን አየና የተገጠመለት ማጫወቻ ማንበብ እንጂ መጻፍ እንደማይችል ነገራቸው። በፍላሽ ቢወስዱት እንደሚረክስ መከራቸው። ሽማግሌው ግን ጎጃም ያሉት ዘመዶች ያላቸው የዲስክ ማጫወቻ ብቻ ነው አሉ።

ስለዚህ ዲስክ ላይ የሚጽፍ ሁለት ዲቪዲ ራይተር አወጣላቸው። አንዱ አዲስ የቻይና፣ ሌላው ያገለገለ ግን ጠንካራ። አዲሱ በቀጭን ኬብል የሚሠራ ሆነና ለዚህ አሮጌ ኮምፒውተር አልገጥም አለ። ያገለገለው ሰፊውን ኬብል ይቀበላል። ሰላሃዲን በልማዱ ዋጋውን እጥፍ አድርጎ ጠራ። ሽማግሌው እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ከፈሉ።

ሰላሃዲን ደስ ሊለው ሲገባ ከፋው። መርካቶ የሚገዛ ሰው ቢያንስ አንዴ ተቆጥቶ ከበር ይመለሳል። የማይከራከር ሰው ወይ ሀብታም ነው፣ ወይ ዕቃው የራሱ አይደለም። የሽማግሌው ጫማ ደግሞ የሀብታም አይመስልም። እርግጥ ሰላሃዲን ራሱ አሁን እጥፍ ዋጋ ተቀብሏል፤ ሌባ እናት ልጇን አታምንም።

ብሎኖቹን ፈታ፣ አሮጌውን ማጫወቻ ጎትቶ አወጣ፣ ራይተሩን ቦታው ላይ ገፍቶ አሰረ፣ ኬብሎቹን ሰካ። ሲያበራው ኮምፒውተሩ ፓስወርድ ጠየቀ።

«አላውቀውም» አሉ ሽማግሌው። «የልጁ ነው።»

«ልጁስ የት ነው፣ ጋሼ?»

«ከሥራ ቦታው እየመጣ ነው።»

እየመጣ ከሆነ ለምን እንደማይጠብቁት ጠየቃቸው። ስልካቸው ጮኸ፤ ማን እንደሆነ አዩና ሳያነሱት ዘጉት።

አምና የሰላሃዲን የሱቅ ጎረቤት ፈርሀት የተሰረቀ ላፕቶፕ ሲጠግን ተገኝቶ አሥራ ዘጠኝ ቀን ታስሯል። ሌባው እስከ ዛሬ አልተያዘም። ፖሊስ የሚያስረው ዕቃው እጁ ላይ የተገኘበትን ነው፤ ሰላሃዲን ደግሞ ሦስት ልጆች አሉት።

ፓስወርዱን በሚያውቀው ዘዴ አለፈው። ቪዲዮው ተከፈተ፤ ጥቁር ጋዋን የለበሰ ወጣት እየሳቀ መጣ። ሽማግሌው ድምፁን እንዲያጠፋው አዘዙትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቀጥለው ከፎቶዎቹ አንድ ለብቻው እንዲያወጣላቸው ጠየቁት።

«ብቻውን የሆነበትን። ፊቱ በደንብ የሚታየውን።»

የሰው ፊት ምን ያደርግላቸዋል? ለሐሰተኛ መታወቂያ? ሠርቶ ቢሰጣቸው ተባባሪ ነው። እምቢ ቢል በር ላይ ሁለት ጎልማሶች አሉ። ፖሊስ ቢጠራ የፈርሀት ዕጣ አለ። ጎመን በጤና እንዳይል፣ ኮምፒውተሩ ተፈትቶ እፊቱ ተዘርግቷል።

ፎቶ ሲፈልግ አንድ የሥራ ማመልከቻ አገኘ። ይስሐቅ የሚባል የመንገድ መሐንዲስ የጻፈው ነው። ከታች ሁለት ስልክ አለ፤ የራሱና የእናቱ የወይዘሮ እታለም። ሰላሃዲን መሳቢያው በባዶ ዲስክ ተሞልቶ ሳለ ዲስክ አለቀብኝ ብሎ ሽማግሌውን ወደ ፈርሀት ሱቅ ላካቸው።

የልጁ ስልክ ዝግ ነው። እናቱ ወዲያው አነሳች።

ከየት እንደሚደውል ነገራት፤ የልጇ ኮምፒውተር ቤት መኖሩን ጠየቃት። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እንደነበረ፣ ስትመለስ ግን ክፍሉን እንዳላየች ነገረችው። እሱም አሁን እፊቱ እንዳለ፣ ያመጡትም ረጅም፣ ኮት ላይ ነጠላ የደረቡ፣ በግራ እግራቸው የሚያነክሱ ሽማግሌ እንደሆኑ ዘረዘረላት።

«ጋሽ ፈለቀ ናቸው» አለች ግራ ተጋብታ። «ጎረቤታችን። እሳቸው ሌባ አይደሉም። ስደውልላቸው ግን አያነሱም።»

ጎረቤት ሆነው! አለ ሰላሃዲን በልቡ።

«ምን አድርግልኝ አሉህ?»

«የምርቃቱን ቪዲዮ አምስት ቅጂ። ለጎጃም ዘመዶች ነው ብለዋል። ደግሞ አንድ ፎቶ።»

ወይዘሮ እታለም በጣም ቀስ ብላ ጠየቀችው።

«ብቻውን የሆነበትን?»

«አዎ፣ ፊቱ የሚታየውን። አይዞዎት እትዬ፣ ከኔ እጅ አይወጣም።»

ከስልኩ ማዶ የሆነ ነገር ወደቀ። መስመሩ ግን አልተዘጋም። ሰላሃዲን ደጋግሞ ሃሎ አለ፤ የሚመልስለት አጣ።

ሽማግሌው ዲስኮቹን ይዘው ሲገቡ ስልኩን አሁንም ጆሮው ላይ እንደያዘ አገኙት። ማን ጋ እንደደወለ ጠየቁት። ሰላሃዲን ፍርሃቱን ዋጥ አድርጎ ቀና አለ።

«እናቱ ጋ። ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ።»

ሽማግሌው መደርደሪያውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«መርዶውን እኮ ነገ ጠዋት ልንነግራት ነበር፣ ልጄ» አሉ።