ጆሮ የማይቆረቁር

ሴትዮዋ ማዳመጫዎቹን አንድ በአንድ ጆሮዋ ውስጥ እየከተተች ሞከረች። አንዱ ቆረቆራት፤ ሌላው ሾልኮ ወደቀ።

«ለባለቤቴ ነው» አለችው ሻጩን። «ስትሮክ መትቶት ከተኛ ወዲህ እጁም አፉም አይታዘዝለትም። ከጆሮው ቢወጣበት መልሶ መክተት አይችልም።»

ሻጩ ላስቲኩ ለስላሳ የሆነውን መርጦ ከትንሽ የሙዚቃ ማጫወቻ ጋር አቀረበላት።

«እንደ እርስዎ ያለች ሚስት ለእኔም ይስጠኝ። ማጫወቻው ላይ ምን ዘፈን ልጫንልዎት?»

«አንድ ይበቃዋል፤ እየደጋገመ እንዲዘፍን አድርግልኝ» አለችና የዘፈኑን ስም ነገረችው።

ቤት ገብታ ማዳመጫውን በቀስታ ባሏ ጆሮ ውስጥ ከተተችና ማጫወቻውን ከፈተችው። የሰውየው ዓይን ፈጠጠ።

ድሮ እሷን ሲደበድብ ጩኸቷን ጎረቤት እንዳይሰማው፣ ቴፑን እስከ መጨረሻው ከፍቶ የሚያጫውተው ዘፈን ነበር።