ፍሬምናጦስ የሠራው እጊካል

ሀረገወይን ጠዋት ተነስታ ፊቷን ታጠበች፤ ሻይ አፍልታ ግማሹን ጠጣች፤ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ሌክ ሜሪት ከተባለው ሐይቅ ዳር የሚሮጡትን ሰዎች አየች። ከዚያ እንደ ወትሮው ለስላሳውን የቀለም ብሩሽ አንስታ ምግብ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን መንደር አቧራ ታራግፍ ጀመር።

መንደሩን በጄሶ የሠራው ባሏ ፍሬምናጦስ ነው። እጊካል ይባላል፤ ካውካሰስ ተራሮች ውስጥ ያለ፣ ኢንጉሽ የሚባል ሕዝብ ጥንታዊ መንደር። ፍሬምናጦስ በወጣትነቱ ሌኒንግራድ ጂኦግራፊ ሲማር ልቡ ገብቶ የቀረ አገር ነው። ኮሌጅ ማስተማሩን ሲያቆም ዳገቱን፣ ሸለቆውንና ረጃጅሞቹን የድንጋይ ግንቦች አንድ በአንድ አቆማቸው።

እየሠራ ይተርክላት ነበር፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንዙ» ከማለቱ በፊት ትንሽ አረፍ እያለ። ሆስፒታል ተኝቶ ሌላው ወሬ ሁሉ ሲያደክመው እንኳ እጊካልን ይተርክላት ነበር። ከሞተ በኋላም ለማንም አትናገረው እንጂ፣ ጠዋት ጠዋት ግንቦቹን ስትጠርግ ያ ድምፅ ይመጣላታል።

በሩ ተንኳኳ። ልጇ ዮዲ ከሳን ሆዜ እንግዳ ይዛ መጥታለች።

እንግዳዋ አዛ ትባላለች። ኢንጉሽ ናት፤ ሌኒንግራድ ከፍሬምናጦስ ጋር ተምራለች፤ አሁን ሳን ሆዜ ሴት ልጇ ዘንድ ትኖራለች። ፌስቡክ ላይ ፈልጋ ያገኘቻት ዮዲ ናት። ሀረገወይን ስሟን ታውቀዋለች። ባሏ «አዛ የምትባል ክላስሜት ነበረችን» ይልና ያልፍ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ጨመር አድርጎ አያውቅም። ስንት ዓመት ሲከነክናት የኖረው ያ ማሳጠሩ ነው።

«ይቀመጡ» አለቻት በእንግሊዝኛ።

አዛ አልተቀመጠችም። በአገሯ የቤቱ ባለቤት ቆማ፣ ያውም ታላቅ ሆና፣ እንግዳ ቢቀመጥ ነውር ነው። ሀረገወይን ደግሞ እንግዳ ቆሞ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ሁለቱም ወንበራቸውን ይዘው ቆሙ።

«ኦ ማይ ጋድ፣ ማሚ» አለች ዮዲ። «እስከ ማታ ልትቆሙ ነው? በቃ፣ እኩል ቁጭ በሉ።»

ተሳሳቁና እኩል ተቀመጡ። ሀረገወይን የእንግዳዋን ሻሽ፣ ቀጥ ያለ አንገቷን፣ ረጃጅም ጣቶቿን አየች። ቆንጆ ነበረች ማለት ነው አለች በልቧ፤ ሻይ ላምጣ ብላም ተነሳች።

ዮዲ ኩሽና ድረስ ተከተለቻት። «ማሚ፣ ጄለስ ሆንሽ? ቀናሽ እንዴ? ሺ ኢዝ ላይክ ሲክስቲ።»

«ያኔም ስልሳ ዓመቷ ነበር?» አለች ሀረገወይን፣ ብርጭቆ እያወረደች።

ሲመለሱ አዛ ጄሶው ላይ አጎንብሳ አፏን በእጇ ይዛለች። ቀና አለችና በእንግሊዝኛ መናገር ጀመረች።

«መንደሩ ፀሐይ በሚሞቀው የተራራው ገጽ ላይ ነው። የእርሻ መሬት ስለማይበቃ ሰዉ አፈሩን ለእህል ትቶ ቤቱን ዓለቱ ላይ ይሠራል። ግንብ የጀመረ ቤተሰብ በዓመቱ መጨረስ አለበት። ካልጨረሰ ደካማ ቤተሰብ ነው ይባልና እንደተጀመረ ይቀራል። ከታች ደግሞ...» አረፍ አለች። «ወንዙ።»

ሀረገወይን ትሪውን እንደያዘች ቆመች።

«ግንቡ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄደው ሰማዩን እንዳይጋፋ ነው» አለች አዛ፣ መዳፏን ቀስ አድርጋ ወደ ላይ እያነሳች።

«ማሚ፣ ኢትስ ኤግዛክትሊ ዳዲ» አለች ዮዲ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «የእጁ አነሳስ ሳይቀር።»

ሀረገወይን ትሪውን አስቀመጠች። «እሱ መንደሩን ያየው መቼ ነው?»

«ፍሬ?» አዛ ፈገግ አለች። ቤት ውስጥ ከሀረገወይን በቀር ፍሬ ብሎ የሚጠራው አልነበረም። «አላየውም። ለውጭ አገር ተማሪ ክልክል ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥት ሕዝባችንን ጠቅልሎ ወደ ካዛኪስታን ሲያግዝ አባቴ ልጅ ነበር። ከግዞት ስንመለስም ተራራው ላይ መኖር አልተፈቀደልንም። አባቴ አንድ ቀን ይዞኝ ወጥቶ፣ ባዶውን መንደር እያዞረ ይህን ሁሉ ነገረኝ። እኔ ለፍሬ ነገርኩት። በረዶ ሲጥል ዶርም ተቀምጠን ድገሚው ይለኛል። ሚስት ሳገባ እንዲህ አድርጌ ነው የምነግራት ይል ነበር።»

ይህን ያለችው ስጦታ እንደሚያቀብል ሰው በደስታ ነው።

ፍሬምናጦስ ሄጃለሁ ብሎ አልዋሸም። ሀረገወይንም ጠይቃው አታውቅም። አንድ ነገር ግን ቀርቷታል፤ ሊሞት ሰሞን፣ ሆስፒታል፣ እጇን ይዞ የነገራት የመንደሩ ምሽት። ያንን ለእሷ ብሎ ከራሱ ያወጣው ይመስላት ነበር።

«ሲመሽስ?» አለች። «ሲመሽ ምን ይመስላል?»

አዛ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሲመሽ የግንቦቹ ጥላ ዳገቱን ይወርዳል። ውሃ እንደሚወርድ ከብት ተከታትሎ... ወንዙ ዳር ይደርሳል። ከዚያ ጨለማ ነው።»

በእንግሊዝኛ ይሁን እንጂ፣ ፍሬ ሆስፒታል ከነገራት አንዲት ቃል አልተለወጠችም።

«ሻይዎ እንዳይቀዘቅዝ» አለች ሀረገወይን።

ፍሬምናጦስ ከአልጋውም ከወንበሩም ከታጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ያንን ለምዳዋለች። እንግዳዋ ስኳሩን ስታማስል፣ ሀረገወይን አንገቷን ደፍታ የምሽቱን ታሪክ በልቧ ከመጀመሪያው ደገመችው። የመጣላት የሴት ድምፅ ነው። የእሱ የለም።