ሜዳሊያው ትክክል ነው

ሰዓሊውና ታናሽ እህቱ የጋዜጣውን የሥዕል ታሪክ የሚሠሩት ከማተሚያ ቤቱ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። እሱ በሰማያዊ እርሳስ ይነድፋል፤ እሷ በጥቁር ቀለም ትደርብበታለች። የማተሚያ ቤቱ ካሜራ ሰማያዊ ስለማያይ ንድፉን ለማጥፋት የሚደክም አልነበረም። ቀይ ግን አይምርም። አንዴ እህትየው ጣቷን ምላጭ ቆርጧት ጠብ ያለው ደም የታሪኩ ባለታሪክ ጉንጭ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ታተመ፤ አንባቢዎችም “ልጅቷን ማርያም የሳመቻት መቼ ነው?” እያሉ ስልክ አጨናነቁ።

ያኔ ሦስት ነበሩ። ሦስተኛው የእህቱ ባል ነበር፤ ተጫዋች፣ ሳቅ የማያልቅበት ሰው። እሱም የአገሩ መሪ ከአንገቱ የማይለየውን ሜዳሊያ የጠርሙስ ክዳን አድርጎ ሳለው። አገር ምድሩ ሳቀ። እሱን አደባባይ ላይ ሰቀሉት።

ከዚያ ወዲህ ሳቅ ከክፍሏ ወጣ፤ የሳንሱር ሹሙ ገባ። አጉሊ መነጽሩን ይዞ እያንዳንዱን ገጽ ይዘቀዝቃል፤ ደመና ውስጥ ፊት፣ የጫማ ክር ውስጥ ፊደል ይፈልጋል። መሪው ያለበት ሥዕል ላይ ሲደርስ የራሱ ልማድ ነበረው። ሜዳሊያውን ይመረምርና ከሰዓሊው ጠረጴዛ ሰማያዊ እርሳሱን ተውሶ በመሪው አንገት ዙሪያ ክብ ይሠራል፤ ከክቡ መስመር ስቦ እስከ ገጹ የላይኛው ጫፍ ያወጣና እዚያ ይፈርማል። ከፊርማው በኋላ ገጹን የነካ ወዮለት። የታች ቤት አታሚዎች አቧራውን እንኳ እፍ አይሉበትም።

የመሪው ልደት ሲቃረብ መንገዱ ሁሉ ቀይ ባንዲራ ለበሰ። ሰዓሊው የበዓሉን ገጽ እንዲሥል ታዘዘ። እሺ አለ።

እህቱ ብሩሿን ወረወረች።

“ባሌን ለሰቀለ ሰው ልደት ልትሥል?”

“እምቢ ብል ነገ አንቺም እኔም የለንም።”

“ወይስ ልትቀልድ አስበሃል?” ድምጿ ተለወጠ። “ወንድሜ፣ በእሱ አጥንት ይዤሃለሁ። አንተን ደግሞ መቅበር አልችልም።”

“በእሱ አጥንት፣ እነሱን የሚያስቀይም አንዲት መስመር አልሥልም።”

ቃሉንም ጠበቀ። መሪው ሰገነት ላይ ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ ፈገግ ብሏል። በገጹ ጫፍ፣ ከራሱ በላይ፣ የጣሪያው ወራጅ ይታያል። እህቱ ቀለሙን የደረበችው እያለቀሰች ነበር። ፈርታም አፍራም ነበር፤ የቱ እንደሚብስ ለራሷም አልገባትም።

ገጹ ባለቀ ዕለት ሹሙ ሁለት ወታደሮች አስከትሎ መጣ። ታች የቆመው መኪና ሞተሩ አልጠፋም።

“ዘመድህ የጀመረውን ልትጨርስ ይሆናል ብዬ ነው” አለ እየሳቀ።

ገጹን ዘቀዘቀው። ወደ መብራቱ አነሳው። በመስታወት አየው። የሰዓሊው ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጣበቀ።

“ይሄ ጥላ ምንድነው?”

“የባንዲራው ነው፣ ጌታዬ።”

“ወፏስ?”

“ርግብ ናት።”

አንደኛው ወታደር ወደ ሰዓሊው ቀረብ ብሎ ቆመ። ሹሙ ደጋግሞ አየ፣ ፈለገ፣ አጣ። ያዘነ ይመስል ነበር።

“ሜዳሊያው ትክክል ነው” አለ በመጨረሻ።

እህትየው ይህን ስትሰማ አልቻለችም። በሩን በርግዳ ወጣች።

ሹሙ እርሳስ ፍለጋ እጁን ሰደደ። ጠረጴዛው ባዶ ነበር። ሰዓሊው ጆሮው ላይ የሰካውን አውርዶ ሰጠው።

“ቀይ ነው እንዴ?”

“የበዓሉ ቀለም ነው፣ ጌታዬ።”

ሹሙ ደስ አለው። እንደ ልማዱ ጫን ብሎ ከበበ፤ ስቦ አወጣ፤ ፈረመ። ገጹን ለታች ቤት ሰዎች ሰጥቶ ወታደሮቹን ይዞ ወረደ።

ሰዓሊው እህቱን ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኛት። ቀና ብላም አላየችው።

“ፈሪ ሆነህ ቀረህ” አለችው። “ባሌ በከንቱ ሞተ።”

ካፖርቷን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት።

“ተነሽ። የድንበሩ ባቡር ሳያመልጠን።”

በማግስቱ ጠዋት በየኪዮስኩ በተደረደረው ጋዜጣ ላይ መሪው እጁን ዘርግቶ ፈገግ እንዳለ ነበር፤ አንገቱ ሸምቀቆ ውስጥ ገብቷል፣ ወፍራም ጥቁር ገመድ እስከ ጣሪያው ወራጅ ወጥቷል፣ ከገመዱ ጫፍም የሳንሱር ሹሙ ፊርማ ጎልቶ ይነበባል።