የሁለት ልጆች አባት

ሦስት ልቦለድ ጽፎ አንዱንም ያላሳተመው ደራሲ በኢንተርኔት የመጀመሪያውን የጽሑፍ ሥራ ሲያገኝ ከደስታው ንቀቱ ባሰ። ባሕር ማዶ ያለች አንዲት ሴት በማግስቱ በአባቷ ቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ እንዲጽፍላት አዘዘችው። «ስሙን እኛው እንሞላዋለን» ብላ የላከችለት አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ዕድሜው ሰባ አንድ፣ የሁለት ልጆች አባት።

«ሹፌር ደግሞ ምን የሕይወት ታሪክ አለው!» እያለ በግማሽ ሰዓት ጨረሰው። ደግ አደረገው፣ ለተቸገረ ደራሽ አደረገው። «ከአብራካቸው የተከፈሉትን ሁሉ በእኩል ዓይን ያሳደጉ» የሚለውን ሲጨምርማ ብቻውን ሳቀ። ክፍያው ወዲያው ገባለት፤ በብዕሩ ያገኘው የመጀመሪያ ገንዘብ ነው።

ከሰዓት በኋላ እናቱ ደወለች።

«አባትህ ሞተ አሉ። ቀብሩ ነገ ነው።»

«የቱ አባቴ? እርጉዝ ሳለሽ ጥሎሽ የጠፋው?»

«ሂድና አፈር አልብሰው። ለሱ ሳይሆን ለኔ ስትል።»

ሄደ። ከለቀስተኛው ኋላ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆመ። አንድ ጎረምሳ ወረቀት ዘርግቶ ማንበብ ጀመረ።

«የሁለት ልጆች አባት የነበሩት አቶ ደምሰው፣ ከአብራካቸው የተከፈሉትን ሁሉ በእኩል ዓይን ያሳደጉ…»

ሴቶቹ ደረታቸውን ደቁ።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እየቆነጠረ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ደንበኛዋ አምስት ኮከብ ሰጥታዋለች። ከሥሩም አስተያየት ጽፋለታለች።

«እግዜር ይስጥልኝ። ልክ እንደ ቤተሰብ ሰው ነው የጻፉት።»